ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

በአንድ ቆላ ከተማ፣ የንግድ ፈቃድ በሚታደስበት ቢሮ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ነበር። የቢሮው ኃላፊ አቶ ደባልቄ ባለቤታቸው የሠሩትን ወፍራም ዳንቴል ስላለበሱት፣ ስክሪኑ ብቻ እንደ ሙሽራ ፊት ብቅ ብሎ ይታያል። ታዲያ ሁለት ሰው ሳያስተናግድ ስታክ አድርጎ ድርቅ ይላል። አንድ ቀን ባለጉዳዩ ተሰልፎ ሳለ እንደ ልማዱ ድርቅ አለ፤ የዕድሳቱ ጊዜ የሚያበቃው ደግሞ በዚያው ቀን ነበር።

ሊጠግን የመጣው ባለሙያ ገና ሲያየው፣ "ጌታዬ፣ በሙቀት ታፍኖ ነው፤ ዳንቴሉ ይነሳለት" አለ።

አቶ ደባልቄ ተቆጡ። "ክብር ያለው ነገር ይሸፈናል! ዳንቴሉን ሳይነካ የሚያድነው ካለ ይቅረብ፤ ከሌለ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ!"

ተሰላፊው ሲያጉረመርም አንዲት ጋቢ ነጋዴ ከመሃል ወጣች። ከሸክሟ ወፍራሙን ጋቢ መዝዛ ኃላፊውን ከአናታቸው ልታከናንባቸው ተጠጋች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ብለው ጮኹ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

"ክብር ያለው የሚሸፈን ከሆነማ፣ ጌታዬ፣ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ክቡር እርስዎ ነዎት" አለች። "በሉ ይከናነቡና ከእሱ ጋር ሥራ ይጀምሩ። ከእርስዎና ከእሱ ማን ቀድሞ ስታክ እንደሚያደርግ እኛ እዚሁ ቆመን እናያለን።"