ባሕሩ የጎደለበት ጠዋት

አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ ቤተሰቡን ለዕረፍት ወሰደ። የሄዱት ወደ አንዲት ሞቃት ደሴት ነው። በደሴቲቱ ዳርቻ ማዕበሉን የሚከልል የኮራል አለት አለ፤ ከአለቱ ወዲህ ያለው ባሕር እንደ ሐይቅ የተኛ ነው። እንግዶች የሚያርፉባቸው ቤቶች የቆሙት በዚህ ውሃ ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ነው። ከእያንዳንዱ በረንዳ ዘጠኝ ደረጃ ያለው መሰላል ይወርዳል።

ተጓዦቹ አራት ነበሩ፤ ነጋዴው፣ ሚስቱ ውብአየሁ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ናርዶስ እና የነጋዴው እናት እማማ ደብሪቱ። እማማ ደብሪቱ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባሕርን የሚያውቁት ከዳዊት ብቻ ነበር። ከቤት ሲነሱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ባሕር ውስጥ በእግሬ ልቁም። ሌላ አልፈልግም።»

የደረሱት ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ውሃው ሞልቶ አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። እናትየዋ ወደ ታች አዩና «ይህማ ይውጠኛል» አሉ። ናርዶስ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አመጣችላቸው። እሳቸውም «እንደ ቅል ልንሳፈፍልሽ ነው? መቆም ነው ያልኩሽ» ብለው መለሱላት። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነጋዴው የዋና ቁምጣውን ለብሶ ወደ በረንዳው ወጣ። ከቤቱ በታች ውሃ የለም። አሸዋ ነው። ትናንት ከምሰሶው አጠገብ ስትንሳፈፍ ያያት ጀልባ በጎኗ ተጋድማለች። ሌባ የገባበትን ሱቅ እንዳየ ሰው ክው አለ። የቤቶቹን ጠባቂ ሽማግሌውን ሐምዛን አስጠራ፤ ናርዶስ እያስተረጎመች ንግግሩ ተጀመረ።

«የተከራየሁት ውሃ ላይ ያለ ቤት ነው። ውሃው የታል?»

ሽማግሌው ወደ አለቱ እያሳዩ «ሄዷል» አሉ።

«ማንን አስፈቅዶ?»

«አባዬ፣ ይህንንስ አልተረጉምም» አለች ናርዶስ።

ሽማግሌው ግን ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ሳቁ። «በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይሞላል።»

«ግማሹን ቀን የማይሠራ ባሕር ነዋ! ሻንጣ አዘጋጁ፤ የዋና ገንዳ ያለው ሆቴል እንሄዳለን።» መኪና እንዲመጣም ደወለ።

ነጋዴው ሻንጣ ሲቆልፍ እናቱ በረንዳው ላይ ነበሩ። «ናርዲ፣ እስቲ ጠይቂልኝ» አሉ። «ያ ማዶ የሚያብረቀርቀው ውሃ ባሕር ነው ወይስ የዝናብ ኩሬ?»

«ራሱ ባሕሩ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።»

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጫማቸውን አወለቁ። ሽማግሌው አሸዋው ውስጥ እሾሃም ፍጥረት ስላለ ጫማ ያስፈልጋል ቢሉ «እግዚአብሔር በሠራው ባሕር ፊት በጫማ?» ብለው እንቢ አሉ። ሽማግሌውም ሳይከራከሩ በዱላቸው መንገዱን እየፈተሹ ፊት ፊት ሄዱ። የእማማ ደብሪቱን አንድ እጅ ናርዶስ ያዘች፣ ሌላውን ውብአየሁ። ዘጠኙን ደረጃ ወረዱ፤ አሸዋውን አቋረጡ።

ነጋዴው እልልታ ሰምቶ ሻንጣውን እንደያዘ ወጣ። እናቱ ባሕር ውስጥ ቆመዋል። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ጨው ማን ጨመረበት?» አሉ። ውብአየሁ በሳቅ ሚዛኗን ስታ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች።

«አንተ! ሻንጣ ይዘህ ልትሸኘኝ ነው? ና እንጂ!» ሲሉ እናቱ ጮኹ።

ወረደ። አንዲት ሸርጣን ስታባርረው ናርዶስ አይታለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆዩ። የመጣው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ውሃው የእናትየዋን ጉልበት መንካት ሲጀምር ሽማግሌው «አሁን እንውጣ» አሉ።

ነጋዴው ደረጃው ላይ ቆሞ ሽማግሌውን ጠየቃቸው፤ «ነገስ በስንት ሰዓት ነው የሚሄድልን?»

«አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው።»

«እማዬን ቀደም ብለን ቁርስ እናበላታለን» አለ።

ነጋዴው ጉድለት ብሎ የከሰሰው ሰዓት፣ እናቱ ወደ ባሕሩ ሊገቡ የሚችሉበት ብቸኛው ሰዓት ነበር። የሞላ ውሃ ለዋናተኛ ነው፤ ጉልበቱ የደከመ የሚገባው ሲጎድል ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ጎደለብን ብለን ከመነሳታችን በፊት ከመካከላችን ደካማውን ሰው ማየት ይገባናል፤ ለእኛ የቀነሰው ለእሱ መንገድ ከፍቶለት ሊሆን ይችላል።

እርስዎስ ዛሬ ጎደለ ብለው የሚያማርሩበት ነገር በቤትዎ ውስጥ ለማን ልክ ሆኖለት ይሆን? ጠይቀውት ያውቃሉ?