የተኛችው አፈር

ተረት ተረት፤ እናንተ ጆሮ ስጡ፣ እኔ ላውራላችሁ።

በእንስሳት ትምህርት ቤት መምህርት ኤሊ፣ «የአካባቢያችንን አፈር አጥንታችሁ እፍኝ እፍኝ አምጡልኝ፤ ያላመጣ ነገ ክፍል አይገባም» አለች።

ችኩሉ ከርከሮ ሜዳውን ቆፋፈረው። ገሯ ሚዳቋ ግን ኮቴዋን ገና ስታሳርፍ አፈር እያንቀላፋች፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ዝናብ በሕልማቸው የሚያዩ ዘሮች አቅፌያለሁ» አለቻት። ሚዳቋ እዚያው ተጋድማ የአፈርን ትንፋሽ ስታዳምጥ ዋለች።

ሲመሽ ባዶ እጇን፣ እየፈራች ተመለሰች።

«አፈርሽስ?» አለች ኤሊ።

«ተኝታለች፣ እትዬ። ልቀስቅሳት ብል አንጀቴ አልችል አለኝ።»

ከርከሮ ሳቀ። ኤሊ ግን በማግሥቱ በሩን ከፈተችላት።

ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ፣ ከርከሮ የቆፈረው ኩሬ ሆነ፤ ሚዳቋ የተጋደመችበት አደይ አበባ ለበሰ። ከርከሮም በዚያ ሲያልፍ ኮቴውን ቀስ እያደረገ መራመድ ጀመረ።