የወይዘሮ አትጠገብ ሙግትና የልመንህ በሬዎች

በእኛ ወረዳ፣ ውል ብቻ ታቅፎ ለሚሟገት ሰው ሽማግሌዎች የሚወረውሩት አንድ አባባል አለ። ያመጣው አንድ ጥንድ በሬ ነው።

ልመንህ የሚባል ገበሬ ከባልቴቷ ከወይዘሮ አትጠገብ ሦስት ዳውላ የዘር ጤፍ ተበደረ፤ አምርቶም ሳይመልስ ቀረ። ሐምሌ ገባ። የባልቴቷ ማሳ ዘር አጥቶ ጦም ሊያድር ሆነ። በሬዎቹ እንዲያዙላቸው ቢከሱት፣ ልመንህ እነሱኑ ለሚስቱ ወንድም ለደምሳሽ የሸጠበትን ውል ይዞ ቀረበ።

«ባዶ እጄን ነኝ» አለ።

ዳኛው ውሉን አገላበጡት። «ጣት ታትሞበታል፤ ሦስት ምስክርም አለው።»

«ነገሩ በአገር ፊት ይታይልኝ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

«አገር ለፍርድ የሚቀመጠው ለደም ነው እንጂ ለሽያጭ አይደለም» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ነፍስ ያጠፋ በአገር ፊት ይቆማል። የእኔን ጉሮሮ የዘጋው ለምን በጓዳ ይዳኛል?»

ችሎት የሚያየው ሰው አጉረመረመ። ዳኛው እያቅማሙ እሺ አሉ። እንደ ወጉ፣ ከገበያ የሚመለሱ ዘጠኝ ገበሬዎች ከመንገድ ተጠርተው አገር ሆነው ሾላው ሥር ተቀመጡ። ደምሳሽም ተጠርቶ ቀረበ። በሬዎቹም መጡ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ዳለቻ።

በሸንጎ ቀድሞ የሚናገረው ታናሹ ነው። «ደምሳሽ፣ አርሰህባቸዋል?» አለ።

«ከግንቦት ጀምሮ!»

«በቀኝ የምትጠምደው የትኛውን ነው?»

ደምሳሽ ልመንህን ሰረቅ አድርጎ አየው።

«ወዲያ ምን ታያለህ? በሬው እዚህ ነው!»

«ጥቁሩን» አለ ደምሳሽ።

ቀንበር ቀረበ። ጥቁሩን በቀኝ በኩል ሊጠምደው ቢስበው እግሩን ተከለ። የታረሰበት በሬ ከለመደው ጎን ውጭ እሺ አይልም። ደግሞ ሲስበው ጥቁሩ ዳለቻውን ዞሮ በግራ ቆመና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀንበሩን ጠበቀ።

«አንተ ልመንህ፣ ይህን እንኳ አልነገርከኝም!» አለ ደምሳሽ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

ዘጠኙም፣ ውሉ የውሸት ነው፣ በሬዎቹ ለዕዳው ይያዙ ብለው ፈረዱ።

«በሬዎቼን አትንኩብኝ!» ብሎ ልመንህ ጮኸ። «ጤፉ ጎተራዬ ውስጥ አለ!»

እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ አትጠገብ ነጠላቸውን አጣፉና «ቅደም፤ ቁናዬን ይዤ እከተልሃለሁ። ማሳዬ ጦሙን ፈታ!» አሉ።

ከዘጠኙ በዕድሜ የሚበልጡት አባ ይርዳው ግን፣ ውሉን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ለሚከቱት ዳኛ ቀስ ብለው እንዲህ አሏቸው፦ «ዳኛ ያያል ወረቀት፣ አገር ያያል አንገት።»