ከወንዝ ማዶ የተማሩት ወጌሾች

አንድ ሰው ነበረ፤ የታወቀ ወጌሻ። ቆይ ኤፍራታ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ፕሮፌሰር፣ ሁላችንም ሕክምናን ቤት ተቀምጠን በኢንተርኔት ነው የተማርነው። ታዲያ ናትናኤል እንዲህ በራሱ ሲተማመን እኔ የምፈራው ለምንድን ነው?» አልሽኝ። እሺ፣ አድምጪ።

ወጌሻው ሁለት ተማሪዎች ነበሩት። ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ፤ እሱ ወዲያ ማዶ፣ እነሱ ወዲህ ቀሩ። ሰውየው ግን ትምህርቱን አላቋረጠም። በየጧቱ ወንዙ ዳር ቆሞ፣ በራሱ ክንድ እያሳየ ይጮህላቸዋል። አንደኛው ተማሪ የተጠየቀውን ሁሉ ከአፉ ቀበል አድርጎ ይመልሳል። «ጎሽ! አንበሳ!» ይለዋል ከማዶ። ሁለተኛውም መልሱን ያውቀዋል፤ ድምፁ ግን አይወጣም። ያቺ «ጎሽ» በተባለች ቁጥር እርር ድብን ይላል። ኋላማ መምህሩን ትቶ የጓደኛውን አፍ ብቻ ማየት ጀመረ። እህል እንኳ አልበላ አለው። ቅናት ክፉ ነው እኮ፣ ልጄ!

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ክንዷ የተሰበረ ልጁን ይዞ መጣ። ያ አንበሳ የተባለው ዳሰሳትና ወደ ጓደኛው ዞረ። «በጆሮዬ እንጂ በእጄ አላውቀውም። ና፣ አብረን እንየው» አለ።

የቀናተኛው ደስታ! «ዛሬ ገና ተያዝክ!» አለ በልቡ። «ካልቻልክ ዞር በል» ብሎ ክንዷን በቀርቀሃ ደግፎ ብቻውን አሰረው። እንዳይላላበት ፈርቶ ጥብቅ አደረገው።

በማግስቱ ጣቶቿ አበጡ፣ ጠቆሩ። ጓደኛው «ጠብቋል፣ ፍታው» ቢለው፣ «ቀንተህ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ጉድ በይ! ማን በማን እንደቀና ተመልከች። እስከ ማታ እምቢ አለ። ልጅቷ «ጣቶቼ የሉም» ብላ ስታለቅስ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛውን ትቶ እሷን ያየው። ደነገጠ። «በእግዚአብሔር፣ አግዘኝ» አለና አብረው ፈቱት። እጇ ተረፈ። ትንሿ ጣቷ ግን እስከ መጨረሻው አልታጠፈችም።

እንግዲህ ኤፍራታ፣ ያ ወንዝ ስልካችሁ ነው። ሁላችሁም ወዲህ ማዶ ነበራችሁ፣ ናትናኤልም ጭምር። መፍራትሽ አያሳፍርም፤ በሽተኛ ያልዳሰሰ እጅ ቢፈራ ደግ ነው፣ ያልቻልሽውን ጠይቂ። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። እዚህ ከገባሽ ጀምሮ ናትናኤልን አሥር ጊዜ አነሳሽብኝ፤ ነገ ጧት ስለምትመረምሪያት በሽተኛ ግን አንዲት ነገር አልጠየቅሽኝም።