ሹራብ የለበሰው ማሽን

ቆዩ፣ መጀመሪያ ሳቄ ይውጣልኝ። ማሽን ሹራብ ለብሶ ስታስቡት እናንተም መሳቃችሁ አይቀርም። ግን ደህናው ነገር ያለው ከኋላ ነው፤ እስከዚያ አብረን እንዝለቅ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተዋበች የምትባል ጸሐፊ ነበረች፤ አገሯም ሥራዋም ደብረ ብርሃን። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። አንድ ልጇን ረድኤትን ብቻዋን አሳደገች፤ ልጅቷም ተምራ አርባ ምንጭ ሥራ ያዘች። ቤቱ ጭር አለ።

ተዋበች እጇ አርፎ አያውቅም። ለልጇ አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ ሠርታ ላከችላት። አስቡት፣ ሰው ጥላ ፍለጋ በሚዞርበት አገር፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ ሹራብ። ረድኤትም "እሺ እማዬ፣ ደርሶኛል" ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላለችም።

እናት በየማታው ትደውላለች። "በላሽ? ምን በላሽ? ሹራቡን ለበስሽ? በሩን ቆልፈሻል? ማነው እዚያ የሚስቀው?" ልጅቷ "እሺ፣ አዎ፣ እሺ" ትላለች። እያደር ስልኩን አንዳንዴ አለማንሳት ጀመረች። እናትም ናፍቆቱ ሲብስባት ጥያቄውን አበዛችው።

ከሹራቡ የተረፈው ክር ቤት ቁጭ ብሎ ባየችው ቁጥር ሆዷ ይባባል። አንድ ቀን ቢሮ አዲስ የፎቶ ኮፒ ማሽን ገባ። "ይሄም ምስኪን ሌሊቱን ብርድ ሊመታው ነው" አለችና በዚያው ክር ልብስ ሠራችለት። ወደ ቤት ስትሄድ ታለብሰዋለች፣ ጠዋት አውልቃ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጥለታለች።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ አመል አወጣ። ከላይ የተደረደረለትን ወረቀት አንድ በአንድ እየጎረሰ ማስገባት ሲገባው፣ ወይ ጭራሽ አልጎርስም ይላል፣ ወይ ሁለቱን ባንዴ ስቦ ይነክሳቸዋል። ተዋበች ወረቀቱን አራገበች፣ ጠርዙን አስተካከለች፣ የተረሳ የስቴፕል ሽቦ ፈለገች። እርጥበት ይዞ ይሆናል ብላ ግቢ አውጥታ ብታሰጣው ነፋስ በተነው፤ ዘበኛው ሲያባርር ዋለ። በመጨረሻ ቶሎሳ የሚባል ጠጋኝ ተጠርቶ ወረቀት የሚስበውን ላስቲክ አጸዳው፤ ማሽኑም ዳነ።

በዓል ደረሰ። ረድኤት እመጣለሁ ስላለች ተዋበች ፈቃድ ወጣች። አልጋ አነጠፈች፣ መጋረጃ አጠበች። በዋዜማው ስልክ ተደወለ። "እማዬ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም።" በዓሉን ለብቻዋ አሳለፈች።

ቢሮ ተመለሰች። ማታ ማታ ማሽኑን እንደ ልማዷ አለበሰችው። ሳምንት ሳይሞላ ወረቀት ነከሰ።

ሸዋረጋ የሚባለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ "እትዬ ተዋቡ፣ አንቺ በሌለሽበት አንድ ቀን እንኳ አልነከሰም። ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሚጠላሽ?" አላት።

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በልቧ "እኔ ስርቅ ነው እንግዲህ ሁሉም የሚመቸው" አለች።

ቶሎሳ ድጋሚ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ፣ ላስቲኩ ላይ የተጠመጠመ አረንጓዴ ጠጉር በወረንጦ ስቦ አወጣ። "ይሄን ላስቲክ በገዛ እጄ ነው ያጸዳሁት። ማሽኑ በግ አርግዟል እንዴ?"

ተዋበች ክሩን አወቀችው። መሳቢያዋን ከፍታ ልብሱን አወጣች። "የኔ ነው። እንዳይበርደው ብዬ ነው።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ሲሠራ በራሱ ይሞቃል። ላስቲኩ ክር ከለበሰ ወረቀቱ ይንሸራተትበታል። ምንም አታድርጊለት፣ ይተንፍስ።"

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ተዋበችም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን እንባው አላቆመም፤ የአርባ ምንጩ ሹራብ ትዝ ብሏት ነበር። ማሽኑን በርዶት አያውቅም። ልጅቷንም በርዷት አያውቅም። ባዶ ቤት ውስጥ የበረዳት እሷ ነበረች።

ያን ዕለት ማታ ደወለች። ጥያቄዎቹ አፏ ድረስ መጥተው ተደረደሩ፤ ዋጠቻቸው። "ናፍቀሽኝ ነው የደወልኩት" አለችና ዝም አለች። ዝምታው እንደ ዕድሜ ረዘመባት፤ ግን አልሞላችውም።

አያችሁ፣ ሰው የራሱን ብርድ አያውቀውም። የሚወደው ሰው የበረደው እየመሰለው ደራርቦ ያለብሰዋል፤ ያም ሰው መተንፈሻ ሲያጣ ይርቃል፣ በራቀም ቁጥር ልብሱ ይጨመርበታል። "ናፈቅሽኝ" ማለት ግን ማንንም አያፍንም። እናንተስ ለራቃችሁ ሰው የምትልኩት ሹራብ ለማን ብርድ የተሠራ ነው?

ረድኤት በስልኩ በዚያኛው ጫፍ እንዲህ አለች፤

"እማዬ፣ ዛሬ ምንም አልጠየቅሽኝም እኮ። ቁጭ ብለሻል? ብዙ የምነግርሽ አለ።"