ከወንዝ ማዶ የመጣ ፍርድ

ሰው ባላንጣው በሌለበት አሸነፍኩ ባለ ቁጥር የሚወረወርበት አባባል አለ። በማን ግመል እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከአባቴ የሰማሁትን ልናገር።

ወይዘሮ አበዙ በመተማ ቆላ የሰሊጥ ዘይት እያስጨመቀች የምትኖር፣ ባል የሞተባት ሴት ነበረች። መጭመቂያውን የምታዞረው ባሏ የተወላት አንዲት ግመል ናት። ግመሏ ከሄደች የቤቱ ጉሮሮ ይዘጋል።

አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ፣ በሌላው መንግሥት አገር የሚኖር ደርበው የሚባል ነጋዴ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ። «ይህች ግመል ከመንጋዬ የጠፋች ናት። የማዶው ዳኛ ፈርዶልኛል» አለና ገመዷን ያዘ።

«በሕግ አምላክ! ልቀቃት!» ብላ ጮኸች።

በሕግ ስም ተይዟልና ለቀቀ። ተያይዘው አገሩን ከሚዳኙት ከባሻ ዘገየ ፊት ቀረቡ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ እርስ በርስ ተቋጥሮ፣ በቁራኛ ነበር የሚሟገቱት። ባሻ ወረቀቱን አስነበቡና ጠየቁ።

«ማዶ ስትሟገት ኩታህ ከማን ጋር ተቋጥሮ ነበር?»

«ከማንም፣ ጌታዬ። እሷ ቀረች። ትቅረብ ብዬ በገበያ አስለፍፌባት ነበር።»

«በየትኛው ገበያ?»

«በማዶው ነዋ።»

አበዙ ሳቀች። «እግሬ ያንን ወንዝ ነክቶት አያውቅም። ጆሮዬን ብቻውን ልላክልህ ኖሯል?»

ከባሻ ጎን የተቀመጠው ሽማግሌ፣ አያ ፈጠነ፣ ጨነቀው። «ባሻ፣ የእነሱን ፍርድ ከጣልን የእኛንም ይጥሉታል። ስንቱ ሰው ወዲያና ወዲህ ይነግዳል!»

ባሻ ወረቀቱን አጣጥፈው ለደርበው መለሱለት።

«ዳኛቸውን አልነቀፍኩም» አሉ። «የሰማውን ፈረደ። ሴትዮዋ እዚያ ብትኖር፣ እዚያ ብትነግድ፣ ወይ ሄዳ ብትሟገት ኖሮ፣ ግመሏን ዛሬውኑ አስረክብህ ነበር። እኛም ባልጠራነው ሰው ላይ ፈርደን ብንልክ ይጣሉት። ክስህን እዚሁ ጀምር። ና፣ ኩታህን ከነጠላዋ ጋር ቋጥር።»

ደርበው ወረቀቱን አየ። የኩታውን ጫፍ አየ። «ምስክር ላምጣ» ብሎ ወንዙን ተሻገረ። ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞላ፣ ጎደለም። ደርበው አልተመለሰም።

አያ ፈጠነ ግን ነገሩ ከልቡ አልወጣም። አንድ ቀን ከባሻ ጋር በአበዙ ዘይት ቤት ደጅ ሲያልፉ ግመሏ እየዞረች ነበር። «ማዶ እኮ ረትቶ ነበር፣ ባሻ» አለ።

ባሻ ቆም ብለው ግመሏን እያዩ መለሱለት፦ «ለብቻው የተሟገተን ማን ይረታዋል!»