የያዮ አሥራ ሁለት ክንድ ገመድ

ጠጋ በሉ፤ ጠጋ በሉና ዝም በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብ። ይቺ ተረት የመጣችው ከባሕር ነው፤ ጫጫታ አትወድም።

በድሮ ዘመን፣ ባሕር እንደ ሰው ታወራ በነበረበት ዘመን፣ ያዮ የሚባል ጎረምሳ ነበረ። ምላሱ ጣፋጭ፣ እጁ ሰነፍ። አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበረችው፤ አሥራ ሁለት ክንድ ገመድ ነበረው፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ሰነፍ ነው አልኩ እንጂ ክፉ ነው አላልኩም። ሥራ ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል፣ በቃ። እዚህም እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።

አንድ ቀን ያዮ ዓሣ ፍለጋ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር ከአንዲት ደሴት ደረሰ። እዚያ ሙሚና የምትባል ልጅ ዳርቻው ላይ ተቀምጣ መረብ ትጠግን ነበር። ቀና ብላ አየችው። ልቡ ቀጥ አለች። ከዚያ በኋላ ዓሣም አላሰበ፣ ቤቱንም አላሰበ።

እናቷ እማማ ሃዋ ዘንድ ሄዶ፣ «ልጅዎን ይስጡኝ» አለ።

እንግዲህ ስሙ። በዚያች ደሴት ሚስት የሚጠይቅ ሰው ግመልህ ስንት ነው አይባልም። ፍየልህ ስንት ነው አይባልም። «ገመድህ ስንት ክንድ ነው?» ነው የሚባለው። ገመዱን ከዘንባባ ቅጠል በገዛ እጁ መግመድ አለበት። ከዚያ ጀልባውን ከመንደሩ ፊት፣ ውሃ ውስጥ ከሚጣል የተበሳ ድንጋይ ጋር በዚያ ገመድ አስሮ ሦስት ሌሊት ያሳድራታል፤ እሱ የብስ ላይ ይተኛል። ሦስቱንም ጠዋት ጀልባዋ ከታሰረችበት ከተገኘች ልጅቷ የሱ ናት። ከጠፋች በሰው ጀልባ ተጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል።

«ገመድህ ስንት ክንድ ነው?» አሉት እማማ ሃዋ።

«ስንት መሆን አለበት?»

«አርባ።»

«አርባ ነው» አለ ያዮ። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«እኛ አንለካም፤ ባሕር ትለካዋለች» አሉ እማማ ሃዋ። «ልጄ፣ እዚህ ውሃው ሲመሽ ጉልበትህ ድረስ ነው። ሌሊት ይሞላና አራት ሰው ቢደራረብ ይውጣል። ረጅም ገመድ ድንጋዩን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ድንጋዩም አሸዋውን ይነክሳል። አጭር ገመድ ግን ድንጋዩን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ጀልባዋም ድንጋይዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች። የሙሚናን አባት የወሰደው ማዕበል አይደለም። አምስት ክንድ ያጠረ ገመድ ነው።»

ያዮ ይህን ሁሉ ሰማ። ግን አርባ ክንድ መግመድ ስንት ቀን ነው? መዳፍ ይልጣል፣ ወገብ ያጎብጣል። «ሌላ መላ አላጣም» አለ በልቡ።

በመጀመሪያው ምሽት የተበሳውን ድንጋይ በአሥራ ሁለት ክንድ ገመዱ አስሮ ውሃው ውስጥ ጣለው። እማማ ሃዋ በራቸው ላይ ተቀምጠው የጀልባዋን ምሰሶ ማዶ ካለችው ደረቅ ዛፍ ጋር አስተያዩ። ምሰሶዋና ዛፏ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ጀልባዋ አልተነቃነቀችም ማለት ነው። ከዚያ ገብተው ተኙ።

ያዮ ወደ ውሃው ወርዶ ጎንበስ አለ።

«እሜቴ ባሕር!»

«አቤት ልጄ» አለች ባሕር፣ በሩቅ፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

«እሜቴ፣ መንደሩ ውስጥ ሕፃን ታሟል። ገና አሁን እንቅልፍ ወሰደው። ስትሞዪ ድምፅሽ ይቀሰቅሰዋል። ዛሬን ብቻ አትምጪ።»

«ወይኔ፣ ምስኪን» አለች ባሕር። ትንፋሿንም ያዘች።

ልጆች፣ እንዲህ ያለ ሌሊት ታይቶ አይታወቅም። ውሃው እንደ ተነጠፈ ነጭ ሸማ ዝም አለ። ከዋክብት ከላይም ነበሩ፣ ከታችም ነበሩ፤ ጀልባዋ በመካከላቸው ተንሳፋ አደረች። ያዮም አሸዋው ላይ ተጋድሞ በከዋክብት ላይ የሚቀዝፍ መሰለው። ሲነጋ ምሰሶዋና ዛፏ አንድ መስመር ላይ ነበሩ። እማማ ሃዋ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሁለተኛው ምሽት እንደገና ወረደ።

«እሜቴ ባሕር!»

«አቤት ልጄ።»

«እሜቴ፣ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ እናቱ ገና አሁን ጋደም አለች። ዛሬንም አትምጪ።»

ባሕር ቃተተች። ግን ትንፋሿን ያዘች። ሲነጋም ምሰሶዋና ዛፏ አንድ መስመር ላይ ነበሩ።

በዚያ ቀን ግን ደሴቷ ደስ አላላትም። ውሃው ስላልወጣ ሸርጣኖቹ ደርቀው ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትንንሾቹ ዓሦች ወደ ዳር አልመጡም፤ መረብ ባዶውን ወጣ። ሙሚና ባዶውን መረብ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ያዮ አጠገብ ቆመች።

«ባሕር ምን ሆና ነው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

ሙሚና ጀልባዋን አየች፤ ገመዱ ውሃው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። ያዮ አፈረ። ሲያፍር ጆሮው ይቀላል፤ ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። ቢሆንም አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረችው። አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ሙሚና!

በሦስተኛው ምሽት ወረደ። ውሸቱን አዘጋጅቶ ነበር፤ የዛሬዋ ስለ ሕፃኑ አያት ነበረች።

«እሜቴ ባሕር!»

«አቤት... ልጄ» አለች ባሕር። ድምፅዋ ተጨንቋል። «ቆይ፣ አስቀድመህ ንገረኝ። ሕፃኑ ተሻለው?»

ያዮ እንደገና ጆሮውን በእጁ ሸፈነ።

«ሁለት ሌሊት ስለሱ ሳስብ ነው ያደርኩት» አለች ባሕር። «የሁለት ሌሊት ውሃ ደረቴ ላይ ነው። ካልተሻለው ዛሬንም እይዘዋለሁ። ነገ ግን የሦስቱ አንድ ላይ ይወጣል፤ ማቆም አልችልም። ከቤቶቹ ይደርሳል። ዛሬ ከመጣሁ ግን ከጀልባህ በቀር የምወስደው የለም።»

ያዮ ዞር ብሎ መንደሩን አየ። የሙሚና ቤት ከሁሉም ለውሃው የቀረበ ነው። በሩ ላይ ትንሽ መብራት ነበረች። ጀልባዋን አየ። ከሷ ሌላ በዚህ ዓለም ምንም የለውም። ከጠፋች ሙሚናም ጠፋች። አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ እውነተኛ ለቅሶ።

«እሜቴ» አለ በመጨረሻ፣ «የታመመ ሕፃን የለም። ገመዴ አጭር ስለሆነ ነው። ዋሸሁሽ። ነዪ።»

ባሕር ተነፈሰች።

ውሃው መጣ። ሸርጣኖቹን አጠጣ፣ ዓሦቹን አመጣ፣ አሸዋውን ሸፈነ። የጀልባዋ አፍንጫ በአጭሩ ገመድ ወደ ታች ተያዘ፤ ከዚያ ድንጋዩ ከአሸዋው ተነቀለና ጀልባዋ ቀና አለች። ቀስ ብላ፣ ማንም እንደማይጠራት ሰው፣ በከዋክብቱ መካከል ሄደች። ያዮ ቆሞ ሸኛት።

ሲነጋ እማማ ሃዋ በራቸው ላይ ወጡ። ዛፏ አለች፤ ምሰሶዋ የለችም።

«ሌባ ወሰዳት?» አሉ።

እዚህ ላይ ምላሱን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «አይደለም» አለ ያዮ። «ገመዴ አሥራ ሁለት ክንድ ነበረ። ለእርስዎም ዋሸሁ፣ ለባሕርም ዋሸሁ።» ሁሉንም ነገራቸው።

«እውነቱን በመናገርህ ደስ ብሎኛል» አሉት እማማ ሃዋ። «ወግ ግን ወግ ነው። ወደ አገርህ ሂድ።»

ያዮ አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ሲል ሙሚና ከቤት ወጣች።

«ያዮ» አለች። «ሂድ ተብለሃል እንጂ ተመልሰህ አትምጣ አልተባልክም። ሃያ ስምንት ክንድ ይቀርሃል። ሃያ ስምንት ክንድ እጠብቅሃለሁ።»

ሄደ። በአጎቱ ጀልባ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጦ ገመደ። የጠፋውንም አሥራ ሁለቱን እንደገና ገመደ። መዳፉ ተላጠ፣ ገመደ። ወገቡ ጎበጠ፣ ገመደ። እንቅልፉ መጣ፣ ፊቱን ታጥቦ ገመደ። አርባው ሲሞላ የአጎቱን አሮጌ ጀልባ ለምኖ ተመለሰ፤ ከደረቋ ዛፍ ትይዩ አሰራት። በመጀመሪያው ሌሊት ቆየች። በሁለተኛውም ቆየች።

በሦስተኛው ምሽት ባሕር ራሷ ጠራችው።

«ልጄ፣ ዛሬስ በመንደሩ የታመመ አለ?»

ያዮ ሳቀ። «የለም እሜቴ» አለ፤ «እንደ ልብሽ ነዪ።» አሸዋው ላይ ተጋደመና ውሃው ሲመጣ እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው። ጠዋት የቀሰቀሰችው ሙሚና ነበረች፤ ምሰሶዋና ዛፏም አንድ መስመር ላይ ነበሩ።

ልጆቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያዮ ሰውን በምላሱ አታለለ፣ ባሕርንም አታለለ፤ ተኝቶ ያደረው ግን በገመደው ገመድ ነው። በሉ፣ ተረቴን ወደ መጣችበት መልሻለሁ፤ እናንተም ወደ መኝታችሁ ተመለሱ።